ቤት ሲለወጥ ስም ይጽና፦ የዶሜይን ስም ታሪክና የተቋማት አደራ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ዶሜይን ስም፣ ማለትም አንድ ድረ ገጽ ስለሚጠራበት ስም፣ እንዲሁም አንድ ተቋም ወደ አዲስ ድረ ገጽ ሲሸጋገር ይህን ስም ይዞ ስለመቆየቱ ነው። ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሥራ ነው የምትሉ እንዳላችሁ እገምታለሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ገጠመኝ ስለሆነ ከእርሱ እነሣለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቀድሞ ባገለገልሁበት አንድ የትምህርት ተቋም ውስጥ ድረ ገጹን የሚያሻሽል ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ እኔም ከአባላቱ አንዱ ነበርሁ። አሮጌው ድረ ገጽ ዘገምተኛ፣ መልኩም የደበዘዘ በመሆኑ አዲስ እንዲሠራ ወሰንን። ሥራውን የወሰደው ድርጅት አዲስ ስም ይዞ መጣ፤ አጠር ያለና ለአፍ የሚቀል ስለነበር ወደድነው። ስለ ገጹ ቀለም ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረናል። አሮጌው ስም ምን ይሁን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜ ወጣሁ። የስሙ ዓመታዊ ክፍያ ሲደርስ የሚከፍለው ሰው አልተመደበም፤ ጊዜው አለፈ፤ ስሙም ወደ ገበያ ተመለሰ። ክፍያው ኮሚቴው ለአንድ ቀን ምሳ ካወጣው ገንዘብ ያነሰ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ በፈታኝነት ተቀመጥሁ። ከግርጌ ማስታወሻዎቿ መካከል አሥራ አንዱ የሚያመለክቱት በዚያው አሮጌ ስም ሥር ተሰቅለው ወደነበሩ የቃል ታሪክ ጽሑፎች ነበር። አብሮኝ የነበረው ፈታኝ አንዱን ምንጭ ለማየት በስልኩ ሲከፍት የወጣለት የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ሆነ። ተማሪዋ ደነገጠች፤ «ባለፈው ዓመት እዚያ ነበር፤ እኔው ራሴ አንብቤዋለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ለመመስከር የሚችል ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም። መሰከርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ኖሯል፦ ቤቱን ስንለውጥ ስሙን ማጣታችን ግድ ነበርን?

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የታሪክ መልስ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ግድ አልነበረም። እንዲያውም ሥርዓቱ ከመነሻው የተሠራው ቤት ሲለወጥ ስም ሳይለወጥ እንዲቀር በሚያስችል መንገድ ነው። ይህን ለማሳየት ወደ ኋላ ልመለስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የዛሬው ኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት የተባለው መረብ በ1969 በአሜሪካ ሥራ ሲጀምር ኮምፒውተሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቁጥር ይታወቃል፤ ሰው ግን ቁጥር ይረሳል። ስለዚህ ለየኮምፒውተሩ ስም ወጣ። መጀመሪያ ላይ አንዱ ተቋም አንዱን ኮምፒውተር በአንድ ስም፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ ኮምፒውተር በሌላ ስም ይጠራው ነበር። በ1971 ፔጊ ካርፕ የተባለች ባለሙያ ስሞቹ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የሚጠይቅ አጭር ሰነድ ለመረቡ ማኅበረሰብ አቀረበች። ውሎ አድሮም አንድ የጋራ ዝርዝር ተዘጋጀ። ዝርዝሩ የሚጠበቀው በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ኤስአርአይ በተባለ የምርምር ተቋም ነበር፤ የመረጃ ማእከሉን የምትመራውም ኤሊዛቤት ፋይንለር ነበረች።

የአሠራሩ ቀላልነት ዛሬ ያስደንቃል። አንድ ተቋም ኮምፒውተሩን ሲለውጥ ወይም አዲስ ሲያስገባ ለማእከሉ መልእክት ይልካል። የማእከሉ ሠራተኞች ለውጡን በአንድ ፋይል ላይ ይጽፋሉ። በመረቡ ላይ ያሉት ሁሉ ፋይሉን በየጊዜው እየገለበጡ ይወስዳሉ። በሌላ አነጋገር የመረቡ ስም ሁሉ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ክፍል፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። መዝገቡ በታማኝነት ተጠብቋል፤ ነገር ግን መረቡ ሲሰፋ ፋይሉ ረዘመ፣ ለውጡ በዛ፣ አዲሱ ቅጂ ለሁሉም እስኪዳረስ ድረስ ያለፈበት ይሆን ጀመር።

መፍትሔው በኅዳር 1983 መጣ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ተቋም ይሠራ የነበረው ፖል ሞካፔትሪስ፣ በባልደረባው በጆን ፖስቴል ጠያቂነት፣ ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለውን የዶሜይን ስም ሥርዓት የሚገልጹ ሁለት ሰነዶች አወጣ። በ1987 የወጡት የተሻሻሉት ሰነዶች እስከ ዛሬ የሥርዓቱ መሠረት ናቸው። ሞካፔትሪስ አንዱን መዝገብ በብዙ እጅ ከፋፈለው። ላይኛው መዝገብ የሚያውቀው ከእርሱ በታች ያሉትን ብቻ ነው፤ እነዚያም በተራቸው ከእነርሱ በታች ያሉትን ያውቃሉ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ከተሰጠው በኋላ በዚያ ስም ሥር ምን እንደሚያኖር፣ ወደየትኛውም ኮምፒውተር እንደሚያመለክት የሚወስነው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንድትቆሙ እለምናለሁ፤ የንግግሬ ማእከል ይህ ነውና። በዚህ ሥርዓት ስም የቦታ መገለጫ መሆኑ ቀረ። ስም አንድ ነገር፣ ቦታ ሌላ ነገር ሆነ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ደግሞ ባለስሙ በፈለገ ጊዜ የሚያስተካክለው አንድ የመዝገብ መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ፣ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ቢዛወር ስሙን ጠርቶ የሚመጣው ሰው ምንም ሊያውቅ አያስፈልገውም።

ሥርዓቱ የመዛወርን ጊዜ እንኳ አስቀድሞ አስቦበታል። በመረቡ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች አንድ ጊዜ የሰሙትን መልስ ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻ ይይዛሉ፤ ለስንት ሰከንድ እንደሚይዙት የሚወስነው ቁጥር ከመልሱ ጋር አብሮ ይላካል። ቁጥሩ 86,400 ከሆነ መልሱ ለአንድ ሙሉ ቀን ይያዛል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ከዝውውሩ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቁጥሩን ወደ 300፣ ማለትም ወደ አምስት ደቂቃ፣ ዝቅ ያደርጋል። አሮጌውንም ሰርቨር የቀድሞው መልስ ከየማስታወሻው እስኪጠፋ ድረስ አይዘጋውም። ይህን የተጠነቀቀ ሰው ቤቱን ሲለውጥ ጎብኚዎቹ ሳያውቁት ያልፋል።

ታዲያ ይህን ያህል ከታሰበበት ስም የሚጠፋው ለምንድን ነው? ለዚህ ደግሞ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ማየት ያሻል፤ እርሱም ስም እንዴት የኪራይ ዕቃ እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ነው።

መጋቢት 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የተባለ የማሳቹሴትስ የኮምፒውተር ኩባንያ በዶት ኮም የሚያበቃውን የመጀመሪያ ስም አስመዘገበ። በዚያ ዘመን ስም ማስመዝገብ ክፍያ አልነበረውም። በ1995 ግን መዝጋቢው ድርጅት ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስም የሚያዝ እንጂ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ያልታደሰ ስም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል። የሲምቦሊክስ ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ኩባንያው ተዳከመ፤ ስሙ ግን በ2009 ለሌላ ተሸጠ። ዛሬ በዚያ ስም የሚገኘው የቀድሞው ኩባንያ አይደለም።

በአበው አነጋገር ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ይህ በሰው አፍ ለሚኖር ስም እውነት ነው። ካዛንቺስን ተመልከቱ። ስሙ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ስያሜ የመጣ ነው። ተቋሙ ሄደ፣ ዘመኑ አለፈ፣ ከቤቶቹም ብዙዎቹ ፈረሱ፤ የታክሲ ረዳት ግን እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጣራል። ማንም አልከፈለበትም፣ ማንም አላሳደሰውም። የመረብ ስም ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሺህ ሰው ቢያስታውሰው እንኳ በመዝገቡ ላይ ኃላፊነት የወሰደ አንድ ሰው ከሌለ ይሞታል። የሚኖረው በሰው አፍ ሳይሆን በአደራ ብቻ ነው።

አደራ የሚለውን ቃል ያለምክንያት አልተጠቀምሁበትም። ከላይ የጠቀስሁት ጆን ፖስቴል በ1994 ስለ ዶሜይን ስም አስተዳደር አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። በውስጡ ያሰፈረው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ስሞችን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ባለቤቶች ሳይሆኑ ባለአደራዎች ናቸው፤ ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት ከመጨነቅ ይልቅ ስለ ኃላፊነትና ለማኅበረሰቡ ስለሚሰጡት አገልግሎት ማሰብ ይገባቸዋል። ፖስቴል በጥቅምት 1998 ዐረፈ። ዘመኑ ስም ትልቅ ንግድ የሆነበት፣ የስሞቹንም አስተዳደር እንዲመራ አይካን የተባለው ድርጅት ገና የተቋቋመበት ወቅት ነበር። ቃሉ ግን ዛሬም ለተቋማት ሁሉ የሚሠራ ይመስለኛል።

አደራው ሲጠበቅና ሲጎድል ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር ሁለት የአውሮፓ ምሳሌዎችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማእከል፣ ሰርን ነው። ቲም በርነርስ ሊ የዓለም የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራው እዚያ ነበር፤ ገጹ የሚገኘው በአንድ ኔክስት በተባለ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን የሚጠራውም ኢንፎ ዶት ሰርን ዶት ሲኤች በሚለው ስም ነበር። ከጊዜ በኋላ የድር ሥራው ማእከል ወደ ሌላ ተዛወረ፤ የመጀመሪያው ገጽም ከቀድሞ አድራሻው ጠፋ። ስሙ ግን በሰርን እጅ ቆየ። በዚህም ምክንያት ሚያዝያ 30 ቀን 2013፣ ሰርን የድርን ሶፍትዌር ለሕዝብ በነጻ የለቀቀበት 20ኛ ዓመት ሲከበር፣ ከ1992 የተረፈ ቅጂ ተፈልጎ በዚያው በመጀመሪያው አድራሻ መልሶ ሊቀመጥ ቻለ። ኮምፒውተሩ ሌላ ነው፤ ስሙና አድራሻው ግን ያው ነው። ስሙ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቅጂው ቢገኝም የሚመለስበት ቤት ባልኖረው ነበር።

በርነርስ ሊ ራሱ በ1998 በጻፈው አጭር ጽሑፍ የድር አድራሻዎች በራሳቸው እንደማይለወጡ፣ የሚለውጧቸው ሰዎች እንደሆኑ አስረድቷል። በአድራሻው ውስጥ የጸሐፊውን ስም፣ የመሥሪያ ቤቱን ክፍል ወይም የሶፍትዌሩን ዓይነት የሚያስገባ ሰው ነገ ለመለወጥ ራሱን ያስገድዳል። መለወጡ ግድ ከሆነ ደግሞ መንገድ አለ፤ በ1996 የታተመው የድር መገናኛ ሰነድ «ለዘለቄታው ተዛውሯል» የሚል ትርጉም ያለውን 301 የተባለውን ምላሽ ይዟል። አሮጌውን በር የሚያንኳኳ እንግዳ በዚህ ምላሽ ወደ አዲሱ በር ይመራል። ነገር ግን አሮጌው በር ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለበት፤ ስሙ ከተለቀቀ መሪ የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዩጎዝላቪያ ናት። በ1989 ለሀገሪቱ ዋይዩ የሚል የሀገር መለያ ስም ተሰጠ። ሀገሪቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰች፤ ስሙ ግን ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ በአንድነት በነበሩበት ዘመን ሥራ ላይ ቆየ። ሁለቱ በ2006 ሲለያዩ ለየራሳቸው አዲስ መለያ ተሰጣቸው፤ አሮጌው መለያም መጋቢት 30 ቀን 2010 ተዘጋ። በዚያ መለያ ሥር የነበሩና ወደ አዲሱ ያልተዛወሩ ገጾች በስማቸው ሊጠሩ የማይችሉ ሆኑ። ከእነዚያ ገጾች መካከል በ1990ዎቹ፣ በጦርነትና በማዕቀብ ዘመን፣ የተጻፉ ነበሩ። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ባልደረባችን ምንጩን ሲጠቅስ የሚጽፈው አድራሻ ዛሬ ወደ የትም አያደርስም።

የሀገራችን መለያ ኢቲ ከ1995 ጀምሮ በመዝገቡ ላይ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና መሥሪያ ቤቶቻችን በእርሱ ሥር ስም አላቸው። ተቋማት ግን ይዋሐዳሉ፣ ይከፈላሉ፣ ስያሜ ይለውጣሉ። በየጊዜው «አዲስ ድረ ገጻችንን መርቀናል» ሲባል እንሰማለን፤ «አሮጌውን አድራሻችንን ጠብቀናል» ሲባል የሰማ ግን ካለ ይንገረኝ።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ2014 ጆናታን ዚትሬን፣ ኬንድራ አልበርትና ሎውረንስ ሌሲግ የተባሉ የሕግ ምሁራን ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት የድር አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ ወደ መጀመሪያው መረጃ እንደማያደርሱ ደርሰውበታል። በመረመሯቸው የሃርቫርድ የሕግ መጽሔቶች ደግሞ ቁጥሩ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። የሀገሪቱ ታላቁ ፍርድ ቤት ምንጩ ካልተጠበቀለት የእኛ የግርጌ ማስታወሻ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

አሁን ወደዚያ ኮሚቴ ልመለስ። ዛሬ ብጠየቅ ምን እል ነበር? አንድ ተቋም ድረ ገጽ አለው ስንል በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለን እየተናገርን ነው። አንደኛው የስሙ ምዝገባ ነው። ሁለተኛው ስሙ ወደየት እንደሚያመለክት የሚናገረው መዝገብ ነው። ሦስተኛው ገጾቹ የተቀመጡበት ሰርቨር ነው። ወደ አዲስ ድረ ገጽ መሸጋገር በአብዛኛው ሦስተኛውን መለወጥ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ባለበት ይቆያል፣ በሁለተኛው ላይ ጥቂት መስመሮች ይስተካከላሉ። በዚያው መዝገብ ላይ የኢሜይል መስመርም ስላለ እርሱን ሳይነኩ ማለፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገጹ ሲዛወር ደብዳቤው ይቋረጣል። አዲስ ስም ቢወደድ እንኳ ችግር የለም፤ አሮጌው በየዓመቱ እየታደሰ ወደ አዲሱ እንዲመራ ይደረጋል።

ከሁሉም በላይ ምዝገባው በማን ስም ነው? ይህ ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ሳይሆን የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ስሙ በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ወይም ድረ ገጹን በሠራው ድርጅት ስም ከተመዘገበ፣ ሰውየው ሥራ በለቀቀ ወይም ውሉ ባበቃ ጊዜ ተቋሙ በገዛ ስሙ ላይ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ የስም ምዝገባ ልክ እንደ ማኅተም፣ ልክ እንደ ቤት ካርታ በንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ በርክክብ ጊዜ በፊርማ ሊተላለፍ ይገባዋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ወጣት ተመራማሪዎችም የድርሻችሁ አለባችሁ። የድር ምንጭ ስትጠቅሱ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ ከተቻለም እንደ ኢንተርኔት አርካይቭ ባለ ማኅደር እንዲቀመጥ አድርጉ። ማኅደር ግን የስምን ቦታ አይተካም፤ የተረፈውን ያተርፋል እንጂ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ከፈተናው በኋላ ከተማሪዋ ጋር ተቀምጠን አሥራ አንዱንም ምንጮች በማኅደሩ ውስጥ ፈለግን። ሰባቱን አገኘን። አራቱን አላገኘንም። አሮጌው ሰርቨር ተዘግቶ ተወግዷል፤ በሌላ ቦታም ቅጂ አልተገኘም። ከአራቱ አንዱ የአንድ አዛውንት ምስክርነት ነበር፤ እኚህ አባት ከዚያ በፊት ዐርፈዋል። ተማሪዋ ያነበበችውን በእጇ ከገለበጠችው ጥቂት አንቀጽ በቀር ቃላቸው የለም። ጽሑፏ ጸድቋል፤ በአራቱ ማስታወሻዎች ላይ ግን «ምንጩ አሁን አይገኝም» ብላ እንድትጽፍ ተገደደች።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር። እኚያ አዛውንት ቃላቸውን ለተቋማችን የሰጡት በአደራ ነበር፤ እኔም ከአደራ ተቀባዮቹ አንዱ ነበርሁ። በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ ፊርማዬ አለ። ወደፊት በየመሥሪያ ቤታችሁ ስለ አዲስ ድረ ገጽ የሚመክር ኮሚቴ ላይ ስትቀመጡ፣ ከቀለሙ በፊት አንድ ጥያቄ እንድታነሡ እለምናችኋለሁ፦ አሮጌውን ስም የሚጠብቀው ማን ነው?